አብረው ሊሠሩ አብረው መማር፦ የጤና ተማሪዎች የቡድን ሥልጠና እና የአጥቢያው ድርሻ

ስለ ምንጭ ማጎልበት ሥራ ለመነጋገር ወደ አንድ የገጠር አጥቢያ በሄድንበት ወቅት የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ካበቃ በኋላ ቄሰ ገበዙ ወደ ዛፍ ጥላ ወሰዱንና ስለ አንድ ምእመን አጫወቱን። ነገሩን በንስሐ የሰሙት አይደለም፤ ሰውየው ራሱ በጸበሉ ቦታ ለጠየቀው ሁሉ የሚናገረው ነው። ለብዙ ጊዜ ሲያስለው ቆይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ አክታው ተመረመረና የሳንባ ነቀርሳ እንደ ያዘው ተነገረው፤ መድኃኒትም ተሰጠው። መድኃኒቱን በጀመረ በማግሥቱ ሽንቱ ቀላ። «ደሜን እያወጣው ነው» ብሎ ደነገጠ። የቀረውን መድኃኒት ከማገሩ ሥር ሸጉጦ ወደ ጸበል መጣ።

ሰውየው ፈቅዶልን፣ እርሱንም ይዘን፣ ከቄሰ ገበዙ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ወረድን። በዚያ የሰማነው ነገር ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆነን። ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባንም ሳይቀር ወደ ብርቱካን መልክ እንደሚለውጥ፣ ይህም ጉዳት እንደሌለው በጤና ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ ባለሙያ አልነበረም። መድኃኒቱን ያዘዘው ጤና መኮንን ያውቃል፤ ያስረከበችው የፋርማሲ ባለሙያ ታውቃለች፤ በየዕለቱ የምታስውጠው ነርስም ታውቃለች። ጤና መኮንኑ «ፋርማሲ ይነግሩታል ብዬ ነው» አለ፤ የፋርማሲዋ ባለሙያ «የምታስረዳው ነርሷ ናት» አለች፤ ነርሷም «እኔ ዘንድ ሲደርስ ተነግሮት መስሎኝ» አለች። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ሦስቱም የተማሩት በተለያየ ክፍል፣ ከተለያየ መምህር ነው፤ እያንዳንዳቸው ሙያቸውን ጠንቅቀዋል። የአንዱ ሥራ የት ላይ እንደሚያበቃና የሌላው ከየት እንደሚጀምር ግን አብረው ተቀምጠው የተማሩበት ቀን አልነበረም።

የነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አካሄድ ስድስት ወር ይፈጃል። በመካከል ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ይበረታበታል፤ የሕመሙ ተሐዋስያን መድኃኒቱን ሊቋቋሙት ይለምዳሉ፤ በአንድ ክፍል ከሚተኙት ልጆቹ ጀምሮም በዙሪያው ላሉት ያስተላልፋል። እንግዲህ በዚያች ጤና ጣቢያ ዕውቀት አልጎደለም፤ መድኃኒትም አልጎደለም። የጎደለው ሦስቱን ባለሙያዎች የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰውየው ወደ ሕክምናው ተመልሷል፤ የመለሱት ግን ቄሰ ገበዙ ናቸው።

ለዚህ ዓይነቱ ክፍተት የጤና ትምህርት ተቋማት የሚያቀርቡት መፍትሔ የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች የጋራ ትምህርት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የተግባር ማዕቀፍ እንደሚያስረዳው፣ የሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሙያዎች ተማሪዎች ስለ ሌላው ሙያ፣ ከሌላው ሙያ ባልደረባ፣ ከእርሱም ጋር ሲማሩ፣ ዓላማውም በኋላ ተባብረው የሕዝቡን ጤና ማሻሻል ሲሆን ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ነገሩ ስም ብቻ ይሆናል። አንድ መቶ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ሰውነት ክፍሎች አንድ ትምህርት ቢያዳምጡና ተነሥተው በየፊናቸው ቢሄዱ አዳራሽ ተጋሩ እንጂ አብረው አልተማሩም። የነርስ ተማሪዋ ለሕክምና ተማሪው ቁስል እንዴት እንደሚጠበቅ ስታሳየው፣ እርሱም የማያውቀውን አላውቅም ሲላት፣ ትምህርቱ ያን ጊዜ ተጀመረ።

ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ አይደለም። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ካህኑ የዲያቆኑን አይልም፤ ዲያቆኑም የካህኑን አይነካም። ነገር ግን ዲያቆኑ የካህኑ ጸሎት የት ላይ እንደ ደረሰ ካላወቀ «ተንሥኡ» የሚልበትን ስፍራ ይስታል፤ ሕዝቡም መነሣቱና መስገዱ ይምታታበታል። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በልጅነታችን ከካህኑ ጎን ቆመን፣ እየተሳሳትን፣ በዓይን ጥቅሻ እየተገሠጽንም ነው። ቀሳውስት በአንድ ቤት፣ ዲያቆናት በሌላ ቤት ለየብቻ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት በቅዳሴው ዕለት ቢሆን ኖሮ በመቅደሱ ምን ይፈጠር እንደ ነበር አንባቢ ይገምት። የጤና ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው የሚገናኙት እንዲሁ ነው፤ በቅዳሴው ዕለት።

የጎንደሩ ጅማሬ

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ብዙዎች ታሪኩን ከአውሮፓ ይጀምሩታል። በእርግጥ በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የጤና ተማሪዎቹን በጋራ ማስተማሩ በሰፊው ይጠቀሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1988 ለጤና አብሮ ለመሥራት አብሮ መማር እንደሚገባ የሚያስረዳ ሪፖርት አሳትሟል። በአገራችን ግን ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረ ሥራ ነበር፤ እኛም ብዙ ጊዜ አናነሣውም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። በጊዜው በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች፣ በከተማ የሚኖሩ ነበሩ። ሐኪም እስኪበዛ ቢጠበቅ ገጠሩ ያልቃል። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁን የተለየ ያደረገው ሦስት ሙያዎችን፣ ማለትም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን፣ በአንድ ግቢ አሠልጥኖ በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ማሰማራቱ ነው። በደንቢያ የሚገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ተማሪዎቹ ከሚሠለጥኑባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር።

ሦስቱ ለምን አንድ ላይ እንዳስፈለጉ ለመረዳት ወባን ራሷን መመልከት ይበቃል። ጤና መኮንኑ ትኩሳት የያዘውን መርምሮ ያክማል፤ ነገር ግን ያከመው ሰው በዚያው ሳምንት ከዚያው ረግረግ አጠገብ ያድራል። ረግረጉን የሚያስደፍነው፣ ጎጆውን የሚያስረጨው፣ ውኃው የት እንደሚቋጥር የሚያውቀው ሳኒታሪያኑ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው ፈጽሞ ያልመጣችውን ነፍሰ ጡር ቤቷ ድረስ ሄዳ የምታገኛት ደግሞ ነርሷ ናት። ሳኒታሪያኑ ረግረጉን ለመምረጥ ትኩሳት የበዛው በየትኛው መንደር እንደ ሆነ ከጤና መኮንኑ መዝገብ መስማት አለበት፤ ጤና መኮንኑም መዝገቡ የሚያሳየው የመጡትን ብቻ እንደ ሆነ ከነርሷ መማር አለበት። አንዱ ያለ ሌላው ቢሠራ ሥራው በየክረምቱ መውጫ እንደገና ይጀመራል።

ይህ ሥርዓት ሳይቋረጥ አልኖረም። በደርግ ዘመን ኮሌጁ ወደ ሕክምና ፋኩልቲ ተለወጠ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠናም ቆመ፤ የተመለሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል፣ ከመነሻው ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ላይ መሥርቶ ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌዎች ማውጣትን ልማድ አደረገ። ዛሬ የቡድን ሥልጠና በሚል ስም የሚታወቀው፣ በመጨረሻው ዓመት ላይ ያሉ የሕክምና፣ የጤና መኮንንነት፣ የነርስነት፣ የአዋላጅነት፣ የፋርማሲ፣ የላብራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ለተወሰኑ ሳምንታት በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድበው የሚሠሩበት መርሐ ግብር የእነዚህ የሁለቱ ከተሞች ውርስ ነው። በዩኒቨርሲቲ ከተሞች ዙሪያ ያሉ አጥቢያዎች ነጭ ካፖርት የለበሱትን ወጣቶች ያውቋቸዋል።

አንድ ቡድን ሲሠራ

ቡድኑ ወደ ምድቡ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው ማከም አይደለም፤ ማወቅ ነው። ተማሪዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ ምንጩን፣ መጸዳጃውን፣ ገበያውን ያያሉ፤ የጤና ጣቢያውን መዝገብ ያገላብጣሉ። ከዚያ ያዩትን ችግር በደረጃ አስቀምጠው ከነዋሪው ጋር ይመክራሉ፤ በአቅማቸው የሚችሉትን ይሠራሉ፤ የሠሩትን ይጽፋሉ። በዚህ መካከል በአንድ ቤት ያድራሉ፤ ከአንድ ድስት ሽሮ ይበላሉ። የሚቀጥሉትን ዓመታት በሕመምተኛ ራስጌ ላይ የሚገናኙ ሰዎች መጀመሪያ በምድጃ ዳር መገናኘታቸውን እኛ እንደ ትንሽ ነገር አናየውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ካየናቸው ሁሉ በልባችን የቀረ ነው። በኮሚሽናችን የመስክ ሥራ ምክንያት ከአንድ የተማሪ ቡድን ጋር ጥቂት ቀናት ውለን ነበር። የላብራቶሪው ተማሪ፣ ዕቃው ገና ስላልደረሰለት ሥራ ፈትቶ፣ የሕፃናት ክትባት መዝገቡን ይቆጥር ጀመር። ሴቶች ሕፃናት ከወንዶቹ ዘግይተው እንደሚመጡ አስተዋለ። ማታ በእራት ሰዓት ነገሩን አነሣው። የሕክምና ተማሪው መንገዱ ስለሚርቅ ነው አለ፤ የአካባቢ ጤና ተማሪው ግን መንገዱ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይርቃል ብሎ ረታው። የነርስ ተማሪዋ ሴት ልጅ ስለምትናቅ ነው አለች፤ ይህም ብዙ አከራከረ። አዋላጇ ተማሪ እናቶቹን ልጠይቅ ብላ በማግሥቱ ሄደች። አንዲት እናት የመለሰችላት መልስ አጭር ነበር፦ «ክርስትና ሳትነሣ እንዴት አወጣታለሁ?»

አንባብያን ስሌቱን ወዲያው ትረዱታላችሁ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። በአገራችን የክትባት ሥርዓት ደግሞ ሕፃን እንደ ተወለደ ከሚሰጠው በኋላ ያሉት ቀጠሮዎች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ናቸው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንዱ ልጅ በ40 ቀኑ ተጠምቆ ከቤት ሲወጣ ሁለት ቀን ቆይቶ ክትባቱ ይደርሳል፤ ቀጠሮው የተሠራለት ይመስላል። ሴቷ ግን እስከ 80 ቀኗ ቤት ከተቀመጠች የ42ኛውም የ70ኛውም ቀን ቀጠሮ ያልፋታል። በእነዚህ ቀጠሮዎች የሚሰጡት ክትባቶች ከሚከላከሏቸው ደዌዎች መካከል ትክትክ አለ፤ ትክትክም የሚከፋው በትናንሾቹ ሕፃናት ላይ ነው።

ይህን የትኛው መምህር በየትኛው ክፍል ሊያስተምር ይችል ነበር? መዝገቡን ያየው የላብራቶሪው ልጅ ነው፤ የርቀቱን መልስ ያፈረሰው የአካባቢ ጤናው ልጅ ነው፤ እናቲቱን የጠየቀችው አዋላጇ ናት። መፍትሔው ግን ከእነርሱ የአንዳቸውም አልነበረም። የአጥቢያው አስተዳዳሪ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ 40 እና 80 ቀን የተወሰነው ወደ ቤተ መቅደስ ለመግባትና ለጥምቀት እንጂ ወደ ጤና ኬላ ለመሄድ እንዳልሆነ፣ ሕፃንን ለክትባት ማውጣት ከሥርዓት ውጭ አለመሆኑን ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አስተማሩ። ለወለደች ቤት ጸበል ሊረጩ የሚሄዱት ካህናትም ይህንኑ ለእናቲቱ እንዲነግሯት አዘዙ። ጸበል የሚረጨው ካህን ከወለደች በኋላ ወደ ቤቷ ከሚገቡት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አንዱ መሆኑን ተማሪዎቹ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። የነርስ ተማሪዋ በማስታወሻዋ ላይ ካህኑን ከቡድኑ አባላት ተርታ ጻፈችው፤ መምህራኖቿ ምን እንዳሏት አልሰማንም።

ጾምም እንዲሁ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን በጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ ራሱን ሊያስተው፣ ሊገድለውም ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ያዝዛል፤ ፋርማሲው ይሰጣል፤ ነርሷ አወጋጉን ታሳያለች። «ትጾማለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ በማንኛቸው ወረቀት ላይ እንደ ግዴታ ካልተጻፈ ሁሉም ሌላው ጠይቋል ብሎ ያልፈዋል። ሕመምተኛው ለሐኪም አይናገርም፤ ይቆጡኛል ይላል። ለንስሐ አባቱም አይናገርም፤ ጾም መተው ይመስልብኛል ይላል። ንስሐ አባት ግን ለታመመ ልጃቸው ጾምን የሚያቀሉበት ሥርዓት አላቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ሕመሙ ምን እንደ ሆነና መድኃኒቱ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ብቻ ነው።

ያልተፈታው

ይህን ትምህርት እንደ ፍጹም ነገር ልናቀርበው አንፈልግም። ኮክሬን የተባለው የጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ በዚህ ጉዳይ በጥንቃቄ የተሠሩ 15 ጥናቶችን መርምሮ ነበር፤ ሰባቱ መልካም ውጤት አሳዩ፣ አራቱ የተደባለቀ ውጤት አሳዩ፣ በአራቱ ደግሞ ምንም ለውጥ አልታየም። ይህ አያስደንቀንም። በአገራችን የቡድን ሥልጠናው የሚመጣው በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የሕክምና ተማሪው ለዓመታት መሪነትን፣ የነርስ ተማሪዋም ለዓመታት ዝምታን ተምረዋል። በጥቂት ሳምንት ሽሮ ይህ ሁሉ አይፈርስም። ደግሞም የሚቆጣጠሯቸው መምህራን ራሳቸው አብረው የተማሩ አይደሉም። አንድ ጊዜ የሁለት ትምህርት ክፍል ተቆጣጣሪዎች ተማሪዎቹ ፊት ስለ ውጤት አሰጣጥ ሲጨቃጨቁ አይተን እኛው አፈርን። በቡድኑ ውስጥም መሪነቱ በተራ የሚደርስ ካልሆነ፣ የሕክምና ተማሪው ሁልጊዜ አለቃ፣ የአካባቢ ጤና ተማሪው ሁልጊዜ መጸዳጃ ቆፋሪ ሆነው ይመለሳሉ።

ከአጥቢያዎች የምንሰማው ቅሬታ ግን ሌላ ነው። አንድ የሰበካ ጉባኤ ሽማግሌ እንዲህ ብለውናል፦ «ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ አንክድም። ግን በየዓመቱ ቤታችንን ቆጥረው ይሄዳሉ። ስንት ላም እንዳለን፣ ስንት ልጅ እንደ ሞተብን ይጠይቁናል። አምና የነገርናቸውን ዘንድሮ የመጡት አያውቁትም።» እኚህ አባት የተናገሩት እውነት ነው፤ ለዚህም መልስ መስጠት ይገባል። ተማሪዎቹ የሚጽፉት ሪፖርት ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳል፤ ውጤት ይሰጥበታል፤ ከዚያ በመደርደሪያ ላይ ይተኛል። የተቆጠረው ሕዝብ ግን ስለ ራሱ የተጻፈውን አያነብም። የሞተ ልጅን ቁጥር ከእናት አፍ ወስዶ መልስ ሳይሰጡ መሄድ፣ በየዓመቱም መመላለስ፣ ቀላል በደል አይደለም።

አጥቢያው ምን ያድርግ?

የሰበካ ጉባኤዎቻችን በዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርት ላይ ሥልጣን የላቸውም። ተማሪዎቹ የሚማሩበት መንደር ግን የእነርሱ ነው፤ ስለዚህ ሲቀበሏቸው ሊጠይቁት የሚችሉት ነገር አለ። አንደኛው፣ ለትውውቅ የሚመጣው የሕክምና ተማሪው ብቻ እንዳይሆን ነው። ብዙ ጊዜ አባቶች በክብር ተነሥተው «ዶክተር» ያሏቸው አንድ ልጅ ይናገራል፤ ሌሎቹ ከበር ይቆማሉ። ሁሉም ይግቡ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ በራሱ አፍ ይናገር። ይህ ለሽማግሌዎቹ ማን ለምን እንደሚጠየቅ ያሳውቃቸዋል፤ ለተማሪዎቹም ትምህርት ነው።

የበዓላቱን ቀን አቆጣጠር መንገርም ያስፈልጋል። ገበሬው እርሻ የማይወጣባቸውን ዕለታት፣ ንግሡ የሚውልበትን ቀን፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ የሚቆይበትን ሰዓት የሚያውቀው አጥቢያው ነው። ተማሪዎች በሥራ ቀን ባዶ ቤት ሲያንኳኩ ውለው «ማኅበረሰቡ ተባባሪ አይደለም» ብለው ሲጽፉ አይተናል።

ከሁሉ የሚከብደው የጸበል ቦታዎች ጉዳይ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ካስተማሩ ወዲህ ይህ ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ደረጃ መልስ አግኝቷል። በየጸበሉ ቦታ ግን ገና መድኃኒቱን ደብቆ የሚመጣ አለ፤ መደበቁም የሚጎዳው ራሱን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የተማሪ ቡድን ብዙ ይረዳል፤ ለብቻው የመጣ ባለሙያ ግን አይበቃም። የአካባቢ ጤና ተማሪው የማደሪያው መስኮት ስንት እንደ ሆነና አየሩ እንዴት እንደሚወጣ ያያል፤ ነቀርሳ የሚተላለፈው በመጠጫ ዕቃ ሳይሆን በተዘጋ ቤት ውስጥ በሚተነፈስ አየር ነውና። የላብራቶሪው ተማሪ የሚያስላቸውን አክታ ይመረምራል፤ ነርሷ መድኃኒታቸውን ያቋረጡትን ትጠይቃለች፤ የፋርማሲው ተማሪ ሽንት ስለሚያቀላው መድኃኒት አስቀድሞ ይናገራል። የጸበሉ አጥማቂ ካልፈቀዱና አብረው ካልቆሙ ግን አራቱም ከደጅ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ስለ ንስሐ ምሥጢር አንድ ቃል እንናገር፤ ብዙ አባቶች ይህን ስለሚፈሩ ነው። ካህን ከቡድኑ ጋር ቢሠራ በንስሐ የሰማውን ለማንም ሊናገር አይገባም፤ ማንም ተማሪም ሊጠይቀው አይችልም። በመጀመሪያ የተረክናቸው ቄሰ ገበዝ ያደረጉት ሰውየውን እጁን ይዞ መሄድ ነበር። የተናገረው ሰውየው ራሱ ነው።

ወደ ቅሬታው እንመለስና፣ የቆጠራውን ነገር ለማቅናት ከአጥቢያ አቅም የማያልፍ አንድ ሥራ አለ። ቡድኑ ከመሄዱ በፊት ያገኘውን ለሕዝቡ በጉባኤ ይናገር፤ የሪፖርቱንም አንድ ቅጂ ለሰበካ ጉባኤው ያስረክብ። ይህ ሲመጡ በመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው፤ በመጨረሻው ቀን መኪና ቆሞ ሲጠብቅ አይሆንም። ቅጂው የሰዎች ስም የሌለበት መሆኑን ጸሐፊው ይመልከት፤ በእጅ የተጻፈም ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ሲመጣ ቤት ከመቁጠሩ በፊት ይህን ያንብብ።

የክትባቱ ነገር በተነሣበት በዚያ አጥቢያ እንዲህ ተደርጓል። በዓመቱ ሌላ ቡድን በመጣ ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የአምናውን ሪፖርት ከሙዳየ ምጽዋት ደረሰኞች መካከል አውጥተው ሰጧቸው። ተማሪዎቹ ገጾቹን ተካፍለው በደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ ቆዩ። ከዚያ አንዷ ቀና ብላ ጸሐፊውን የጠየቀቻቸው ስንት ቤት እንዳለ አልነበረም፤ በ80 ቀን ክርስትና የተነሡት ሴቶች ልጆች ከዚያ ወዲህ በስንተኛው ቀን ለክትባት እንደ መጡ ነበር። ጸሐፊው አያውቁም ነበርና ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ጤና ኬላው ሄዱ።